ለማልቀስ የዘለልኩ ዕለት

ወንድሜ ኪሩቤል የሞተ ዕለት የለቅሶውን ድምፅ የከፈትኩት እኔው ነኝ። ሥራዬ ነው። የዕድራችን ድንኳን የምንኖርበት ማማ ጣራ ላይ ሲተከል ድምፅ ማጉያዎቹን በየማዕዘኑ የምሰቅለው፣ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ የአልቃሿን ድምፅ የምለቀው፣ ንፍሮ መዞር ሲጀምር የምቀንሰው እኔ ነኝ። አልቃሿ ማን እንደነበረች የሚያውቅ የለም። ከሞተች ዘመናት አልፈዋል፤ ድምጿ ግን እስከ ዛሬ በየሰፈሩ እየዞረ ያለቅሳል። ሟቹ ወንድ ሲሆን የምንከፍተው ላይ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለች ትሄድና መሀል ላይ ትቋረጣለች። ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ትቀጥላለች። የቀረጻ ጉድለት ነው ይባላል። የዕድሩ ኮሚቴ ይስተካከል ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ዛሬ ነገ እያልኩ የተውኩት።

በወንድሜ ለቅሶ ላይ እዚያ ቦታ ስትደርስ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ ድምፁ የበዛ ስለመሰለኝ ቀነስኩት።

ማንም አላለቀሰም። ሰዉ ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ከጆሮው ጀርባ እርጋታውን ለጥፎ ነው የሚመጣው። የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል፣ ስሜት የምታበርድ ነገር ናት። ያለ እርጋታ አውቶቡስ አያሳፍሩም፣ ባንክ አያስገቡም፣ ሥራ አይቀጥሩም። መጀመሪያ ለሾፌሮች ነበር የመጣው፣ መንገድ ላይ እንዳይሰዳደቡ ተብሎ። ቀጥሎ ለሐኪሞች፣ ቀጥሎ ለተማሪዎች፣ ኋላ ለሁላችንም ሆነ። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ብትነቅሉት ሻይ ሳይፈላ ነርስ በራችሁ ላይ ይቆማል። አይቆጣም። "ተነቅሎብዎት ነው" ይልና መልሶ ይለጥፋል፣ ደህና ዋሉ ብሎም ይሄዳል።

ደግ ነገር የለውም አልልም። ሰፈራችን ውስጥ የጠብ ጩኸት ከተሰማ ስንት ዘመኑ። ገበያ ላይ ሻጭ ዋጋ ሲነግራችሁ ትከፍላላችሁ ወይ ትሄዳላችሁ፤ የሚከራከር የለም። ባልና ሚስት ሲፋቱ ሽማግሌ አይላክም፤ ዕቃቸውን ተካፍለው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው ይለያያሉ። ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ከተገኘ "እርጋታህ ተነቅሏል እንዴ?" ይባላል፣ ከስድብ የቀረን እሱ ብቻ ነው። "እዬዬም ሲደላ ነው" ይሉ ነበር የዱሮ ሰዎች። እኛ ከመጠን በላይ ደላንና እዬዬው ራሱ ጠፋ።

ስሜ ሶልያና ነው። ስሰማው ራሴም አሮጊት አሮጊት ይሸተኛል። ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናሆም፤ በኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ ስሙ እንዲህ ነው። የዛሬ ወጣቶች ይታክቱ፣ መሸሻ፣ ዘለቃሽ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ስም እንደ ቀሚስ ፋሽን ዞሮ ይመጣል። ኪሩቤል ታናሼ ነበር። እናታችን ከሥራ ወደ ሥራ ስትሮጥ እኔ ነኝ በአንቀልባ አዝዬ ያሳደግኩት፤ ጀርባዬ ላይ እያለቀሰ ይተኛል፣ እየተኛ ያለቅሳል። ካደግን በኋላ በየጠዋቱ እደውልለት ነበር። የምነግረው ቁም ነገር አይደለም። ሊፍቱ ቆመ፣ ጎረቤቴ መጋረጃ ቀየረች፣ ዛሬ ጉም ነው። እሱ ሁልጊዜ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላል። ከዚያማ ምንም የለም። ቢሆንም "ከዚያስ?" ሲለኝ የሆነ ነገር ፈልጌ እጨምርለታለሁ።

በተቀበረ በነጋታው ጠዋት ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ምንም አልተሰማኝም። እርጋታ ግን ማወቅን አይከለክልም፤ ምንም እንዳልተሰማኝ ዐወቅሁ። ጎረቤት እየመጣ "እግዜር ያጥናሽ" ይለኛል። ምኔን እንደሚያጠናው አልገባኝም፤ እንደ ድንጋይ ጠንቼ ነበር የተቀመጥኩት። ቀስ በቀስ አንድ ጥያቄ ውስጤ ገባና አልወጣ አለ። ከእርጋታው ሥር ሐዘን አለ ወይስ የለም? ዕድሜ ልኩን ተከድኖ የኖረ ድስት ውስጥ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? ቢከፈትና ባዶ ቢሆን ያን ልጅ አልወደድኩትም ማለት ነው። ይህን ያለ ጭንቀት ነው የማስበው፣ የቤት ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው። እሱ ነው የከፋው።

እንዲህ እያለሁ ሌላ ለቅሶ ላይ ኤልዳናን አየኋት። ኤልዳና ጎረቤቴ ናት፣ ባሏ ከኪሩቤል ጥቂት ቀደም ብሎ ነው የሞተው። ዓይኖቿ አብጠው ቀልተዋል። ያበጠ ዓይን ካየሁ ብዙ ዘመኔ ስለሆነ መጀመሪያ የታመመች መሰለኝ።

"ዓይንሽን ምን ነካሽ?" አልኳት፣ ንፍሮ እየዘገንን።

ዙሪያዋን አየት አደረገችና "ባቱ ሄጄ ነበር" አለች።

"ባቱ ምን አለ?"

"ከአውሮፕላን ይዘላሉ።"

"ሰዎቹ ይዝለሉ፤ አንቺ ምን አገባሽ?"

"እኔም ዘለልኩ። ከአንድ የሚያውቅ ሰው ጋር አስረው ነው የሚለቁሽ።" ንፍሮዋን እያየች ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሰማይ ላይ እርጋታ አይፈቀድም፣ ሶሊ። ያወልቁልሻል።"

ሌላ አልጠየቅኋትም። በኪሩቤል አርባ ዋዜማ ጥቁር ልብሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ደረብኩና የባቱን አውቶቡስ ያዝኩ። መንገድ ላይ የዕድራችን ዳኛ ናሆም ደወለ።

"ሶሊ፣ የነገው ድምፅ ተዘጋጅቷል?"

"ተዘጋጅቷል።"

"እንደ ባለፈው እንዳይበዛ አደራ።"

"አይበዛም" አልኩት።

መዝለያው ሜዳ የዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ጥቁር የለበሱ ሁለት እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ከእነሱ ወዲያ አንድ ጺሙን ያልተላጨ ጎልማሳ ጉልበቱን እያየ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ በአየር ላይ የሚስቁ ሰዎች ትልልቅ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ለደስታ የመጣ የሚመስል ግን አንድም ሰው አላየሁም። ሁላችንም እርጋታችን እንደተለጠፈ ነበርና በትሕትና ራስ ዝቅ አድርገን ሰላምታ ተለዋወጥን።

እኔን ይዛ የምትዘለው ልጅ ይታክቱ ትባላለች። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምጿ ጎርነን ያለ። ነጠላዬን አየችው።

"እማማ፣ ነጠላውን ከዝላዩ ልብስ ሥር ወገብዎ ላይ ይጠምጥሙት። አየር ላይ ከተፈታ ፊቴን ይሸፍነኛል።" ከዚያ "ለማን ነው?" አለች።

"ለወንድሜ።"

"ነፍስ ይማር" አለች። ነፍስ ይማር የሚለኝ ሰው አላጣሁም። የእሷ ፊት ግን አብሮ ተንቀሳቀሰ፤ ቅንድቧ ወረደ፣ አፏ ጠበቅ አለ። ነውር መሆኑን እያወቅሁ አፍጥጬ አየኋት። እሷም ሆነች ባልደረቦቿ ሥራ ላይ እርጋታ የላቸውም።

ምንጣፍ ላይ በሆዴ አስተኝታ አሠለጠነችኝ። ሆድ ወደፊት፣ ራስ ወደ ኋላ፣ እጅ ደረት ላይ። "ይህን ሁሉ ቢረሱት እኔ አለሁ። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሱብኝ፤ ስናርፍ እግርዎን ያንሡ። እርጋታ ያለው ሰው እግሩን አያነሣም። መሬቱ ሲመጣ ዝም ብሎ ያየዋል። ስንት እግር ከተሰበረ በኋላ ነው ሰማይ ላይ ይውለቅ የተባለው።"

"ለምን እዚሁ አታወልቂውም?"

"እዚህ ካወለቅሁትማ አውሮፕላኑ ላይ የሚወጣ ሰው ከየት አገኛለሁ?" ብላ ሳቀች።

መጠየቅ የፈለግሁት ሌላ ነበር። መታጠቂያውን ስታስርልኝ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት። "ሲወልቅ ከሥሩ ምንም ባይኖርስ?"

ማሰሪያውን መጎተቷን አቆመች። "እኔ እንጃ፣ እማማ። የሚስቅ አይቻለሁ፣ የሚሳደብ አይቻለሁ፣ በእናቱ ስም የሚጣራ ትልቅ ሰው አይቻለሁ። ዝም የሚልም አለ።"

"ዝም ያለው ምን ይሆናል?"

"ካረፈ በኋላ መውጫው በር ጋ መልሰው ይለጥፉለታል፣ ይሄዳል።"

አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፤ ወንበር የለውም፣ ወለሉ ላይ ጭን ለጭን ገብተን ተቀመጥን። ይታክቱ ከኋላዬ ሆና ጀርባዬን ከደረቷ ጋር ጠፈረችኝ። ኪሩቤልን ያዘልኩበት አንቀልባ ትዝ አለኝ፤ ማሰሪያው በትከሻ ወርዶ በብብት ሥር ሲያልፍ ልክ እንደዚያ ነበር። በስተርጅናዬ ታዘልኩ አልኩ በልቤ፣ ያውም በፊት በኩል። ምድሪቱ እያነሰች ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ከፍታ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ሃምሳኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፤ ጣራው ጠርዝ ላይ ቆሜ የድምፅ ማጉያ ሽቦ ሳስር ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። እየወጣን ነው፣ አልኩ። ሌላ ያልኩት የለም።

"አሁን ላወልቅልዎ ነው" አለችኝ ይታክቱ በጆሮዬ። "ትንሽ ይቆነጥጣል።"

ቆነጠጠኝ። አንገቷ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ነዳጅ ሸተተኝ፣ የሰው ላብ ሸተተኝ፣ ላቡ ደግሞ የኔ ነው። ቀጥሎ ድምፁ መጣ፤ ሞተሩ ያን ያህል ሲጮህ እንደነበረ አላስተዋልኩም ነበር። ከዚያ እጆቼ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አየኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት ጠርዝ ላይ ሽቦ ያሰሩት እነዚህ እጆች ናቸው። ለካ ጠርዝ ላይ የቆመው እርጋታው ነበር እንጂ እኔ አልነበርኩም። እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ መሆኔን ዛሬ ገና ሰማሁ። ፍርሃት እንዲህ ያለ ግዙፍ ነገር መሆኑን ረስቼው ኖሯል። አውሮፕላኑን ሞላው፤ እኔ ለመተንፈስ ቦታ አጣሁ።

በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ገባ። እህትማማቾቹ ከየአዛያቸው ጋር ተራ በተራ ወደ በሩ ተንፏቀቁ። ታላቅየዋ ዞራ ታናሿን አየቻት፤ ሁለቱም ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ተገላልጦ ነበር። ከዚያ ሁለቱም የሉም። ጎልማሳውም "እመብርሃን" ሲል ሰማሁትና እሱም የለም።

"መልሺልኝ" አልኳት ይታክቱን። "ልጄ፣ ትቼዋለሁ። መልሺልኝ።"

"እመልስልዎታለሁ። መብትዎ ነው" አለችኝ፣ ድምጿ ምንም ሳይቸኩል። "ግን ከመለስኩት ዝላይ የለም፤ ከአውሮፕላኑ ጋር ነው የሚወርዱት። ይመለስ?"

አፌን ለ"አዎ" ከፍቼው ነበር። ያን ጊዜ እጄ በሐሳቤ ታየኝ፣ የኪሩቤል ለቅሶ ላይ ድምፁን ስቀንስ። በዝቷል ብዬ። ለወንድሜ ለቅሶ በዛ ብዬ። ከፍርሃቱ አጠገብ ሌላ ነገር ትንሽ ነቅነቅ አለ፤ ምን እንደሆነ ግን አልለየሁትም። አሁን ከተመለስኩ ሳልለየው እሞታለሁ።

"ተይው" አልኳት።

ወደ በሩ ተንፏቀቅን። እግሮቼ ወጥተው ባዶ ላይ ተንጠለጠሉ። ቀኝ እጄ የበሩን ብረት ይዟል፤ ልቀቅ ብለው አልለቅ አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኔን እጅ ማን ቢያየው። ይታክቱ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸውና ደረቴ ላይ መለሰችልኝ። "አለሁ፣ እማማ" አለች። ከዚያ ወደፊት አዘነበለች።

አንድ ሰው ይጮሃል፤ ማን ነው እያልኩ ሳዳምጥ እኔ ነኝ። ድምፄ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የትኛውም ማጉያ አልነበረበትም። ነፋሱ ከአፌ ይቀማኛል፣ እኔ እንደገና እጮሃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ይታክቱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ገለጥኩት።

እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ምድር ሁሉ አንድ ላይ ነበረች። እኔ እስከዚያ ቀን ምድርን በቁርጥራጭ ነበር የማውቃት፤ የመንገድ ቁራጭ፣ የመስኮት ቁራጭ፣ የስክሪን ቁራጭ። እዚያ ግን ማንም አልቆረጣትም። ከበታቼ የዝዋይ ሐይቅ ከነደሴቶቹ ተኝቷል። ከወዲያው ላንጋኖ ቀይ፣ አብያታ ዳርዳሩ ጨው ለብሶ ነጭ፣ ሻላ ደግሞ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰማያዊ። አራቱም በአንድ ጊዜ ታዩኝ፣ አንዱ ሌላውን ሳይጋርደው። በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች። በሰሜን ዝቋላ ብቻውን ቆሟል፣ አናቱ ላይ ደግሞ ውሃ አለ። ክብ ውሃ፣ ተራራ አናት ላይ። እናቴ ትነግረን ነበር፤ ተረት ይመስለኝ ነበር።

እየወደቅሁ መሆኑን ረሳሁ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ ግን እሱም ከእኔ ጋር ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ወደ ምድር ሳይሆን ምድር ወደ እኔ የምትመጣ መሰለኝ፣ ቀስ ብላ፣ ልትቀበለኝ። ይህ ሁሉ እኔ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሳደርግ እዚህ ነበር? ማንም ሳያየው እንዲህ ሆኖ ሲኖር?

ከዚያ ከላይ አንድ ነገር ጎተተን፣ ጃንጥላው ተከፈተ፣ ነፋሱም ቆመ። ዝምታ ሆነ። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ከእርጋታ ጋር አይመሳሰልም። በዚህኛው ውስጥ እኔ አለሁበት፤ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል።

"ደህና ነዎት?" አለች ይታክቱ።

"እነዚያ ሐይቆች ድሮም ነበሩ?"

"ነበሩ፣ እማማ።"

"ታዲያ ሰው ለምን ዝም ይላል?"

ይታክቱ ስትስቅ ደረቷ ጀርባዬን ገፋኝ። እኔም ሳቅኩ። ከበታቻችን ትልልቅ ነጭ የሐይቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው ይዞራሉ። ጀርባቸው ይታየኛል። ወፍን ሁልጊዜ ከሆዱ በኩል ነው የማየው፤ ጀርባው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም ነበር። አንገቴን እስኪያመኝ ድረስ ተከትዬ አየኋቸው።

"ስንቴ ዘለሻል?" አልኳት።

"ቁጥሩን ትቼዋለሁ።"

"ፍርሃቱ አይለመድም?"

"እግዜር ይመስገን፣ አይለመድም" አለችኝ።

መሬቱ ቀረበ፣ ሣሩ ሣር ሆነ፣ ሰዎቹም ሰዎች ሆኑ። "እግር" አለች ይታክቱ። እግሬን አነሣሁ፤ በሕይወቴ እንዲያ የታዘዝኩበትን ቀን አላስታውስም። በመቀመጫችን ተንሸራተን ቆምን። ጃንጥላው ከኋላችን ቀስ ብሎ ወደቀ። እህትማማቾቹና ጎልማሳው ትንሽ ራቅ ብለው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከሜዳው ጫፍ መውጫው በር ይታያል፤ እርጋታ ላልለጠፈ አይከፈትም፣ ነርሱም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል።

ይታክቱ ማሰሪያዎቹን ፈታችልኝና አጠገቤ ቁጭ አለች። ሣጥኗን አልከፈተችም። እኔ ደስ ብሎኛል። ልክ ነው፣ ደስ ብሎኛል፤ ለቅሶ ፈልጌ መጥቼ ሣር ላይ ተቀምጬ እንደ ሞኝ እስቃለሁ። ስንወድቅ ኪሩቤልን አንዴም አላስታወስኩትም። ይህ ትዝ ሲለኝ ደነገጥኩ። በቃ፣ ይኸው ነው እንግዲህ፣ ድስቱ ተከፈተ፣ ያለው ሳቅ ነው አልኩ። በውስጤ ግን ያየሁት ሁሉ ካልተነገርኩ እያለ ይገፋኛል፤ እኔም እንደ ልማዴ በልቤ መናገር ጀመርኩ። ኪሩ፣ ዝቋላ አናቱ ላይ ውሃ አለ። እማዬ እውነቷን ነው። ክብ ነው። ላንጋኖ ደግሞ ቀይ ነው። የወፍ ጀርባ አየሁ፣ ኪሩ።

ከዚያ ጠበቅኩ።

"እሺ፣ ከዚያስ?" እስኪለኝ ነው የጠበቅኩት። ሣሩ ነፋስ ይነካዋል። ከሐይቁ በኩል አንድ ወፍ ጮኸ። ማንም "ከዚያስ?" አላለኝም። ከእንግዲህ ማንም አይለኝም፣ አራቱን ሐይቆች ሁሉ ባይ፣ ሰማይን ሁሉ ባካልል።

መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ደረቴ ታጥፎ አፈነኝ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እጄ ሣሩን ጨበጠ። ከዚያ ከውስጤ ወጣ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ለቅሶ ቃል እንዳለው የማውቀው ከዚያች ከምከፍታት ሴትዮ ብቻ ነው። የእሷን ቃል መድገም አሳፈረኝ። ግን ሌላ ቃል የለም፤ የሆነው እሱ ብቻ ነው። "ወንድሜን" አልኩ። "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያልኩ ስሄድ መሀል ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ። አፌ ተከፍቶ ድምፅ የለም። ዝም አለ። ከዚያ ተመለሰልኝና ቀጠልኩ።

ያ ዝምታ የቀረጻ ጉድለት አልነበረም። ያቺ ሴት ያን ቀን እንደ እኔ ነበረች። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በየድንኳኑ ከፍቼ፣ ጉድለት ነው ብዬ፣ አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ ብዬ። ለእሷም አለቀስኩላት።

ነጠላዬን ከወገቤ ላይ ፈትቼ ፊቴን ሸፈንኩ። አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ የይታክቱ ነው። እሷም ታለቅሳለች፣ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እህትማማቾቹ መጡና በግራ በቀኝ ተቀመጡ። ጎልማሳው መጣና እንደ ለቅሶ ቤት ወንድ ራሱን በእጁ ይዞ ፊት ለፊት ቆመ። ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልጠራቸውም። እነሱ "አባቴን" ይላሉ፣ እሱ የአንዲት ሴት ስም ይጠራል፣ እኔ ወንድሜን እላለሁ። ሰው ለቅሶ ላይ የየራሱን ሙት ነው የሚያለቅሰው ሲባል እሰማ ነበር፤ ግን አንድ ላይ መሆኑን አላውቅም ነበር። ስናለቅስ ከላይ ያየሁት ሁሉ ውስጤ ነበር፤ ሐይቆቹም፣ ተራራውም፣ የወፎቹ ጀርባም። ሐዘኔ ያን ሁሉ ያክል ነበር። ፈርቼው የኖርኩት ባዶነት የለም። ወድጄዋለሁ። ያን ልጅ ወድጄዋለሁ፣ እስከዚህ ድረስ።

ነርሱ እስኪመጣ አልጠበቅንም፤ ሲደክመን ራሳችን ተነሣን። በሩ ጋ ይታክቱ ሣጥኗን ከፈተች።

"ልለጥፍልዎ?" አለች።

"እኔ ልለጥፈው" አልኩ። ግንባሯን ሳምኳት። ከዚያ ለጠፍኩት። ሁሉም ነገር ቀስ እያለ ከእኔ ራቀ፣ ልክ ድምፅ ሲቀንሱ እንደሚርቀው። በሩ ተከፈተልን። አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እርጥቡን ፊቴን አይታ በትሕትና መሀረብ ሰጠችኝ። አመሰገንኳት፣ ግን አልጠረግሁትም።

በነጋታው አርባው ነበር። ድንኳኑ ጣራው ላይ ተተከለ። እኔ ጠርዙ ላይ ቆሜ ሽቦዎቹን አሰርኩ፤ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቄሱ ጸሎታቸውን ጨረሱ፣ ሰው ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ምንም አልተሰማኝም። ዐውቅ ነበር ግን። ኤልዳና ከሴቶቹ መሀል ሆና ዓይን ዓይኔን ታያለች። ድንኳኑ ዝም እንዳለ ቆየና ናሆም ጎንበስ ጎንበስ እያለ መጣ።

"ሶሊ፣ ድምፁስ? ረሳሽው እንዴ?"

"አልከፍተውም" አልኩት።

አባባሌ ሳይሆን ድምፄ ነው የገረመው። ተዘግቷል፤ ከጉሮሮዬ የሚወጣው ሹክሹክታ ነገር ነው። አጠገብ ያሉትም ዞር ዞር አሉ።

"ውይ፣ ጉንፋን ይዞሻል" አለኝ ናሆም።

"ጉንፋን አይደለም" አልኩት። "ወንድሜ ሞቶብኝ ነው።"